የወገብ ሕመምና የጓደኛ ክኒን

ከመካከላችን አንዱ በቅርቡ የመዝገብ ሣጥን ሲያነሣ ወገቡን ያዘው። ከጐኑ የተቀመጠው ባልደረባ ከኪሱ አንድ ክኒን አወጣና «ይህ ጡንቻ ያላላል፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» ብሎ ሰጠው። ጓደኛችንም ዋጠው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተኛ፤ ሲነቃም ወገቡ እንደ ተያዘ ነበር።

ነገሩ አያስደንቅም። ብዙዎቻችን ክኒኑ የታመመውን ጡንቻ ፈልጎ የሚፈታው ይመስለናል። ነገር ግን በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡት የጡንቻ ማላሊያዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንጐልና በሕብለ ሰረሰር ላይ ነው። እንቅልፉና መፍዘዙም የሚመጣው ከዚያው ነው።

ታዲያ ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ገበያተኛን ደስ አያሰኝም። በ2015 (ዘመኖቹን በኤውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በአሜሪካ 323 የወገብ ሕመምተኞች ሁሉም ናፕሮክሲን የተባለ ማስታገሻ ተሰጣቸው። በዚያ ላይ ለአንዳንዶቹ ሳይክሎቤንዛፕሪን፣ ለአንዳንዶቹ ኦክሲኮዶን ከፓራሲታሞል ጋራ፣ ለቀሩት መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተጨመረላቸው። ከሳምንት በኋላ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ2021 የወጣ የ31 ጥናቶች ግምገማም ማላሊያዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕመሙን ከመቶ ስምንት ነጥብ ያህል ቢቀንሱ ነው አለ፤ ይህንንም በእርግጠኝነት አልተናገረም።

እንግዲህ በጥቅማቸው የሚቀራረቡ ከሆነ በጉዳታቸው ማወዳደር ይገባል እንላለን። ሳይክሎቤንዛፕሪን የአሚትሪፕቲሊን ዘመድ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፉም ይከብዳል፤ ከሦስት ሳምንት በላይ አይመከርም። ሜቶካርባሞል በእንቅልፍ በኩል ቀለል ይላል ይባላል። ቲዛኒዲን የደም ግፊት ያወርዳል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሚውጥ ሰው ጋራ ግን ከቶ አይስማማም፤ ያ መድኃኒት የቲዛኒዲንን መጠን በደም ውስጥ እጅግ ያበዛዋልና። ባክሎፌን በመሠረቱ የነርቭ ጉዳት ላገተረው ጡንቻ እንጂ ሣጥን በማንሣት ለታመመ ወገብ የታሰበ አይደለም፤ የለመደውም ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ለብርቱ አደጋ ይጋለጣል።

ከሁሉ የምንፈራው ካሪሶፕሮዶልን ነው። በሰውነት ውስጥ ሜፕሮባሜት ወደሚባል ማደንዘዣ እየተለወጠ ሱስ ያስይዛል። የኤውሮፓ የመድኃኒት ድርጅት በ2007 ፈቃዱ እንዲታገድ መከረ፤ አሜሪካም በ2012 በሕግ ቁጥጥር ሥር አገባችው።

ፈተና ያለበት ተማሪና ማለዳ መኪና የሚነዳ ሹም እነዚህን ሁሉ አስቀድመው ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ የሚጠጡትንም መጠጥ አይደብቁ፤ እንቅልፉን ያብሰዋልና። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በሞቀ ጨርቅና በመጠኑ በመንቀሳቀስ በጥቂት ሳምንት ይቀላል፤ አልጋ ላይ መዋል አይረዳም። እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠርም ካስቸገረ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ጓደኛችን በማግሥቱ የክኒኑን ስም ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ባልደረባው ከኪሱ ያወጣው ማሸጊያ ግን ስሙ በተጻፈበት በኩል ተቀድዶ አልቋል።