«አገልግሎት አለብኝ»

ወንድሜ፣ ቅዳሜ እናትህ ልብስ ዘፍዝፋ «ውሃ ቅዳልኝ» ስትልህ፣ «አገልግሎት አለብኝ» ብለህ ወደ ኳየር ልምምድ ትወጣለህ። (እህቴ፣ አንቺም አታመልጪም!) ሰበቡ አዲስ አይደለም። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያንንና ጻፎችን የገሠጸው፣ ለወላጅ የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ በማስቀረታቸው ነው። «ለእግዚአብሔር ነው» ማለታቸው አላስመለጣቸውም። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ መበለት እናት ወይም አያት ያለቻቸው እግዚአብሔርን መምሰልን መጀመሪያ በቤታቸው እንዲማሩ ያዛል። መጀመሪያ! አያትህ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ስትደጋግምብህ ሳትቆጣ የምትመልስላት ከሆነ፣ ስለ ትዕግሥት ስትዘምር እናምንሃለን። መድረክ ላይማ ማን ትዕግሥት ያጣል? ልምምዱ ይቅር አላልኩም። ለኳየሩ መሪ ደውልና «ግማሽ ሰዓት እዘገያለሁ» በለው፤ ባልዲውን ሞልተህ ሂድ።