ለሕመምተኛው ማን ይንገረው?

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዘንድሮ ለመጻፍ የተነሣሁት በቤታችን ስለ ደረሰ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ሳንባ ካንሰር ነው።

አጎቴ የኮምቦልቻ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ወደ አሰብ፣ የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላም ወደ ጅቡቲ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። እንቅልፍ እንዳይጥላቸው እያሉ ሲጋራ ከአፋቸው አይለዩም ነበር። ሲጋራ ይህን በሽታ እንደሚያመጣ ዶልና ሂል የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1950 ጽፈዋል፤ ዳሩ ግን ወሬው ሌሊቱን በአፋር በረሃ ለሚነዳ ሹፌር አልደረሰም።

ሳል በጀመራቸው ጊዜ በአንድ ጤና ጣቢያ ራጅ ተነሡና «ነቀርሳ ነው» ተባሉ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ሰውን ያሳስታል። «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ቲቢን ነው፤ እርሱም በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ መድኃኒቱን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ሳያቋርጥ ለወሰደ ሰው የሚድን በሽታ ነው። «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ደግሞ ካንሰር ማለት ነው፤ ይህኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሁለቱም ያስላሉ፤ ያከሳሉ፤ ደም ሊያስተፉ ይችላሉ፤ በራጅ ላይ የሚታየው ጥላቸውም አንዳንድ ጊዜ ይመሳሰላል። አጎቴ የቲቢውን መድኃኒት ስድስት ወር ሙሉ ዋጡ። ጎረቤት የቡና ስኒያቸውን ለየባቸው። እኛም ለየንባቸው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አልሻል ሲላቸው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ወደ ደሴ፣ ከደሴም አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ከእርሳቸው በፊትም ስንቱ ወሎዬ በዚሁ መንገድ ተመላልሷል። እዚያ ከሳንባቸው ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የተነገረው ግን ለእርሳቸው ሳይሆን በኮሪደር ላይ ለታላቅ ወንድማቸው ነው። ሽማግሌዎች መከሩና «ብርድ ነው በሏቸው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሽታው ስም በቤታችን «ያ ክፉ በሽታ» ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ የሐኪሙን ወረቀት ከትራሳቸው ሥር አውጥተው፣ «አንተ እንግሊዝኛ ትማራለህ፤ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩት። ቃሉን ከባዮሎጂ መጽሐፋችን አውቀዋለሁ።

«ሳንባ ምች ነው ይላል፣ ጋሼ» አልኩ።

ፊቴን ትንሽ ተመልክተው ወረቀቱን አጠፉና፣ «እንግሊዝኛው ገና ነው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ አልጠየቁኝም።

ጠያቂው ሁሉ «አላህ ያሽርዎ፤ በቅርቡ ይነሣሉ» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም «አሚን» ይላሉ። በቀብራቸው ዕለት አንድ ሹፌር ከሚሌ መጣ። በጭነት ዋጋ ተጣልተው ስምንት ዓመት ሳይነጋገሩ የቆዩ ባልንጀራቸው ነው። «መታመሙን ሰምቼ ነበር፤ ብርድ ነው ቢሉኝ ጊዜ አለ ብዬ ቀረሁ» ብሎ አለቀሰ። አጎቴም ያን ሰው «አፉ በለኝ» ሳይሉት ሄዱ።

መደበቅ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ አገር በአንድ የቺካጎ ሆስፒታል ሐኪሞች ተጠይቀው፣ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ለካንሰር ሕመምተኛ አለመንገርን እንደሚመርጡ መልሰው ነበር። በ1979 በዚያው አገር ሌሎች ሐኪሞች ሲጠየቁ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ መንገርን መረጡ። በእኛም አገር የበሽታውን ስም ያልደበቁ ሰው አሉ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ በ1996 ዓ.ም. ማኅበር ሲያቋቁሙ የልጃቸውን ስም ከካንሰር ስም ጋር አጣምረው ጠሩት።

«ታዲያ ሕመምተኛ መርዶ ይረዳል ወይ?» ይሉኛል ሽማግሌዎቹ። እኔ ግን መልሱ ከራሱ ከመርዶው የሚገኝ ይመስለኛል። መርዶ በእኛ ዘንድ በመንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት በሌሊት ተሰብስቦ፣ ማን እንደሚናገር ተመክሮ፣ የሚደግፍ ሰው ከአጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። የሞተን ሰው ወሬ ለመንገር ይህን ያህል ሥርዓት ካበጀን፣ በሕይወት ላለው ሰው የራሱን ወሬ ለመንገር ሥርዓት ማበጀት እንዴት ያቅተናል? ሐኪሙ በኮሪደር ሳይሆን ክፍል ዘግቶ፣ ሕመምተኛው የሚመርጠው ዘመድ ባለበት፣ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ቢጀምር ይቻላል። ማወቅ የማይፈልግም ሰው ካለ «ተዉኝ» የማለት መብት አለው። ለጠየቀ ሰው ግን መዋሸት ሌላ ነገር ነው፤ ያውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አስተርጓሚ ተደርጎ።

የአጎቴ ባለቤት በዚህ አሳብ አይስማሙም። «ቢነገረው ኖሮ ያንን ረመዳን እንኳ አይደርስም ነበር» ይላሉ። ምናልባት ልክ ናቸው፤ እኔም ልከራከራቸው አልደፈርኩም። ወረቀቱን ግን ከትራሱ ሥር ያገኙት እርሳቸው ናቸው፤ አጎቴ በጀርባው ላይ በእርሳስ የዕዳቸውን ዝርዝር ጽፈውበት ነበር።