ትርፍ ቤት፣ ትርፍ ሰው

ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ሁለት ስም አለው። ጎብኚ ሲመጣ «ቅርስ» ይባላል። ተከራዩ «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ሲያመለክት ደግሞ «ያረጀ ቤት» ይሆናል። ግድግዳው ያው ግድግዳ፣ ሰገነቱም ያው ሰገነት ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ «ቃል ሲመረጥ ወገንም አብሮ ይመረጣል» እል ነበር። እዚህ ግን ነገሩ ከክፍል ትምህርት አልፎ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ሆኗል።

በጉዳዩ ላይ ሁለት ወገን ተፋጦ ይከራከራል። አንዱ «ይፍረስ፣ ከተማዋ ትዘምን» ይላል፤ ሌላው «ቅርስ ነው፣ እንዳይነካ» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ግድግዳው ነዋ! ውስጡ ስለሚያድረው ተከራይ ማን ይናገር?

የድሮ ሕንፃ አድሶ ማከራየት ሲነሳ ብዙዎች የሚጠቅሱት የኒውዮርኩን ሶሆ ነው። ጥሩ፣ እሱኑ እንየው። ሶሆ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፋብሪካዎቹ ሲለቁ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ባዶውን ፎቅ በርካሽ ተከራዩት። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ትልልቅ፣ መሐሉ ያልተከፋፈለ አዳራሽ ነው፤ «ሎፍት» ይሉታል። ለመኖሪያ ስላልተፈቀደ ማደሩ ሕገ ወጥ ነበር። ቢሆንም ቧንቧውንም መብራቱንም ከኪሳቸው እያወጡ ቤት አደረጉት። በ1971 ከተማው ሠዓሊዎች እዚያ እንዲኖሩ ፈቀደ፤ በ1973 ሰፈሩ በቅርስነት ተመዘገበ።

ልብ በሉልኝ፤ ምዝገባው የጠበቀው የሕንፃውን ፊት ነው። ሰፈሩ ስም ሲያወጣ ባለንብረቱ በተከራዩ ላብ የተሠራውን ቤት ከነቧንቧው ለባለገንዘብ ማከራየት አማረው። ተከራዮቹ ተደራጅተው ጮኹ፣ ተሟገቱ፤ የኒውዮርክ ግዛትም በ1982 «የሎፍት ሕግ» አወጣ። ሕጉ ባለንብረቱን «ቤቱን ለመኖሪያ የሚመጥን አድርግ፤ የኖረበትን ሰው ግን አታስወጣ» አለው። ግድግዳው ሕግ ካገኘ በኋላ ሰውየው 9 ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። ዛሬ ሶሆ ከማንሃተን ውድ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ አዲስ መጪ ድሃ ሠዓሊ አይቀምሰውም። ሕጉ የደረሰላቸው ግን በር የሚዘጉበት መብት አገኙ።

ወደ እኛ እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤቶችን» ሲወርስ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት በቀበሌ ሥር ገቡ። የድሃው ኪራይ ቀነሰ፤ ይህ መልካም ነበር፣ አይካድም። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ኪራዩ ለእድሳት አይበቃም፤ ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩ ደግሞ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይለምናል። እንዲህ እየተባለ የአርመንና የህንድ ግንበኞች የሠሩት የጭቃና የእንጨት ቤት ሃምሳ ክረምት ዝናብ ጠገበ። ከዚያ «አርጅቷል» ተብሎ ተጻፈበት። ያላደሰው አካል አለማደሱን የማፍረሻ ምክንያት አደረገው! ከሳሹም ዳኛውም አንድ የሆነበት ችሎት ይሏል ይህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ ሰፈር ፈረሰ። «ምትክ ቤት ተሰጥቷል እኮ» ይሉኛል። እሺ፣ ተሰጥቷል። ግን ጉሊት የምትቸረችር ሴት ደንበኞቿን ጭና ከተማ ዳር አትወስድም። ዕድሯስ? ልጇን ጥላለት የምትሄደው ጎረቤትስ?

«ታዲያ በሚያፈስ ቤት ይኑሩ ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አላልኩም! ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት መሆኑን «ቅርስ» ብዬ የማሞካሽ ሰው አይደለሁም። የምለው ሌላ ነው፦ ከተረፉት ቤቶች መታደስ የሚችለው ይታደስ፤ ሲታደስም የኖረበት ሰው ተመልሶ የመግባት መብቱ፣ በሚችለው ኪራይ፣ በውል ይጻፍ። ሕግ ማውጣት አልተሳነንም። ስለ ቅርስ አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ እንዳይጨመር የሚል አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ወጥቷል። አንዱ ስለ ቤት፣ ሌላው ስለ ተከራይ ያወራል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ አንቀጽ ነው።

ያ ካልተጻፈ የታደሰው ሰገነት የማኪያቶ መጠጫ ይሆናል፤ እዚያው ወልዳ ያሳደገችው እናት ደግሞ ከታክሲ መስኮት ታየዋለች። በ1967 «ትርፍ» የተባለው ቤቱ ነበር። አሁን ትርፍ የሆነው ሰው ነው። ስለዚህ ቀጣዩ አሮጌ ቤት ሊታደስ ሲታጠር፣ አጥሩ ላይ ከሕንፃው ሥዕል በፊት የተመላሽ ተከራዮች ስም ይለጠፍ።