«ፋዘር አይነቃብህም» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ስሜን አትጥቀሱብኝ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። አባቴ ክፍለ ሀገር በሄዱበት አሮጌዋን የቤታችንን መኪና ሳላስፈቅድ ነዳሁ። የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ መድረሱን እያየሁ ጓደኞቼን አፍሬ አልቆምኩም። አሁን ነጭ ጭስ ታወጣለች፤ የዘይት ክዳኗ ውስጡ ማኪያቶ መስሏል። አንድ መካኒክ «ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሬ ዛሬውኑ እሰጥሃለሁ፤ ፋዘር አይነቃብህም» አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዘይቷ ውስጥ ውሃ ሳይገባ አልቀረምና አታስነሳት፤ ሞተሩን ይበላዋል። ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የአሉሚኒየም ቴስታታ ከመጠን በላይ ሲግል ይጎብጣል። ጉብጠቱ 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሆን አዲሱ ጓርኒሲዮን ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ይለካ፤ ከጎበጠም ይስተካከል። ሲገጠም ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጥበቁ። ዘይቱም ይቀየር። ደግሞ ያሞቃት ራዲያተሩ ይሁን የውሃ ፓምፑ ወይም ቴርሞስታቱ ሳይታወቅ ብትነዳት ያው ይደገማል።

ይህ ሁሉ ተደብቆ የሚሠራ አይደለም። አባትህን ራስህ ንገራቸው። ይቆጡሃል፤ ቁጣቸው ግን ያልፋል። አምነውህ እናትህን ጭነው አባይ በረሃ መሃል ቢቆሙስ፣ ምን ልትላቸው ነው?