ቦታ ማስለቀቅና መሰረዝ አንድ አይደሉም

የቤት ሥርዓት የሚታወቀው በዕቃው ብዛት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ ባለቤቱ በማወቁ ነው። ቀድሞ የርስት ወረቀት፥ የሠርግ ፎቶግራፍ፥ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉም በእመቤቲቱ እጅ ነበረ። ዛሬ ግን ይህ ሁሉ በኮምፒዩተርና በስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያም አልፎ ክላውድ በሚባለው፥ ማለት በኢንተርኔት በኩል በሚደረስበት የሩቅ ግምጃ ቤት ተቀምጧል። ነገር ግን የትኛው ቅጂ የት እንዳለ፥ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ምን እንደሚሆን ሳያውቅ የሚኖር ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ከዚህም የተነሣ፥ «ፋይሎቼ ሁሉ ወደ ክላውድ ሄደዋል፤ ታዲያ የኮምፒዩተሬ ዲስክ ስለ ምን ሞልቶ ይኖራል?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይሰማል። ዛሬ ስለዚህ ነገር ልንናገር አስበናል።

አስቀድመን በምናውቀው አንድ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። የቤቱ ጌታ በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። ላፕቶፓቸው 256 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ አለው፤ ይህ ዲስክ ሞልቶ «ቦታ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ያሳያቸው ጀመር። እርሳቸውም ፎቶግራፎቹ ሁሉ በክላውድ መኖራቸውን አይተው፥ «በሩቅ የተቀመጠውን ነገር በቤት ደግሞ ማኖር ምን ይጠቅማል?» ብለው የፎቶግራፉን ፎልደር ከነምላሹ ሰረዙት፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረጉ። ዲስኩ ሰፋ፤ እርሳቸውም ደስ አላቸው።

በ26ኛው ቀን ግን በዋሽንግተን የምትኖር ልጃቸው ደወለች። የእናቷ ሙት ዓመት ቀርቦ ነበርና አንድ ፎቶግራፍ መርጣ ልታሳትም ፈልጋ ነበር። «አባባ፥ የእማማ ፎቶግራፎች ከእኔ ዘንድ ጠፉ፤ እርስዎ ዘንድ አሉ?» አለቻቸው። ሽማግሌው መልስ አጡ። በእናቲቱ የመጨረሻ ዓመታት የተነሡት ፎቶግራፎች በወረቀት አልታተሙም ነበር፤ ያሉትም በዚያ አንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነበሩ። ደግነቱ ያ የክላውድ ግምጃ ቤት የተሰረዘውን ለ30 ቀን በራሱ ቅርጫት ያቆይ ነበርና ታናሽ ልጃቸው በኢንተርኔት ገብቶ አገኘው፤ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ። አራት ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ማለት ይህ ነው፤ የፈሰሰው ሁሉ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በማግሥቱ የላፕቶፑ ዲስክ እንደ ገና ሞልቶ ተገኘ። ሽማግሌውም፥ «እንግዲህ ወይ ፎቶግራፉን ወይ ኮምፒዩተሩን ምረጥ ማለት ነውን?» አሉ። እንዲህስ አይደለም። ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፥ ግምጃ ቤቶቹ ሁለት መሆናቸውን እንወቅ። አንደኛው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ዲስክ ነው፤ ሁለተኛው ኩባንያው በሩቅ የሚሰጠው ቦታ ነው። ጎግል ያለ ክፍያ 15 ጊጋባይት፥ ማይክሮሶፍት በዋን ድራይቭ 5 ጊጋባይት፥ አፕልም በአይክላውድ 5 ጊጋባይት ይሰጣሉ፤ ከዚህ በላይ የሚሻ ሰው ይከፍላል። ነገር ግን የሩቁን ግምጃ ቤት በገንዘብ ማስፋት የቤቱን አያሰፋም። እንዲያውም ሰፊ ቦታ የተከራየ ሰው ብዙ ፋይል ይጨምርበታልና፥ ኮምፒዩተሩ ሁሉን የሚያወርድ ከሆነ ዲስኩ ፈጥኖ ይሞላል።

ሁለተኛ፥ ሲንክ የሚባለውን የማመሳሰል ሥራ ጠባይ እንረዳ። ይህ ሥራ ሁለቱን ቦታዎች አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። በአንዱ የተጨመረ በሌላው ይጨመራል፤ በአንዱ የታረመ በሌላው ይታረማል፤ በአንዱ የተሰረዘም በሌላው ይሰረዛል። ሰው በመስተዋት ፊት ቆሞ ነጠላውን ቢያወልቅ፥ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ነጠላውን እንደ ለበሰ አይቀርም። ሽማግሌው ፎልደሩን በላፕቶፑ ሲሰርዙ በክላውድም፥ በልጃቸውም ዘንድ የጠፋው፥ ሲመለስም ዲስኩን እንደ ገና የሞላው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፥ ማስለቀቅን ከመሰረዝ እንለይ። በመዝገብ ቤት የሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን ፈጥነው ያስተውሉታል። የደብዳቤው ቁጥርና አርእስት በገበታችን ላይ ባለው መዝገብ ይጻፋል፤ ደብዳቤው ራሱ ግን በመደርደሪያው ይኖራል፤ በተፈለገ ጊዜ ይወጣል። ማይክሮሶፍት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 በዋን ድራይቭ ላይ ያወጣው ሥርዓት ይህን ይመስላል፤ የፋይሉ ስም በኮምፒዩተሩ ይታያል፥ አካሉ ግን በሩቅ ይቀመጣል። ማስለቀቅ ማለት ደብዳቤውን ወደ መደርደሪያው መልሶ ቁጥሩን መያዝ ነው፤ መሰረዝ ማለት ግን ደብዳቤውን ቀዶ ቁጥሩን መፋቅ ነው።

እንግዲህ ዲስኩ አልለቅ ሲል መመርመር የሚገባው በዚህ ተራ ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ዋን ድራይቭን የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ በፋይሉ ስም አጠገብ ያለውን ምልክት ይይ። ሰማያዊ ደመና ከሆነ ፋይሉ በሩቅ ብቻ ነው፤ የዲስኩን ቦታ አልያዘም ማለት ይቻላል። በነጭ ክብ ውስጥ አረንጓዴ የእርማት ምልክት ከሆነ ፋይሉ ወርዶ በዲስኩም ላይ አለ። ክቡ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ምልክቱ ነጭ ከሆነ ግን፥ ባለቤቱ «ሁልጊዜ በዚህ መሣሪያ ላይ ይኑር» ብሎ አዟል ማለት ነው፤ ይህ ትእዛዝ እስኪነሣ ድረስ ኮምፒዩተሩ በራሱ ፈቃድ አይለቀውም። ብዙ ሰው አረንጓዴውን አይቶ «ወደ ክላውድ ሄዷል፥ ከዚህ ወጥቷል» ይላል፤ ትርጓሜው ግን «በሁለቱም ቦታ አለ» ማለት ነው። ቦታ ለማስለቀቅ በፋይሉ ወይም በፎልደሩ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን መምረጥ ነው። «ዲሊት» የሚለውን መንካት አይገባም።

ይህ ትእዛዝ እንቢ ቢል ፋይሉ ገና ወደ ላይ አልደረሰ ይሆናል፤ የሚሽከረከሩ ቀስቶች ምልክቱ ናቸው። በአገራችን ብዙ ሰው ላፕቶፑን ከስልኩ ኢንተርኔት ጋር አያይዞ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ያን መስመር በልክ የሚከፈልበት ነው ብሎ ከያዘው፥ ዋን ድራይቭ ገንዘብ ለመቆጠብ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባልም እንዲሁ ያቆማል። ስለዚህ ማመሳሰሉ ቆሞ እንደ ሆነ አይቶ ማስቀጠል፥ ሥራው እስኪፈጸምም መታገሥ ያስፈልጋል። ያልደረሰ ፋይል አለመለቀቁ ጥፋት አይደለም፤ ጥበቃ ነው።

ከዚህ በኋላ የቆሻሻ ቅርጫቱን መመልከት ነው። ቀድሞ የተሰረዘ ነገር በቅርጫቱ እስካለ ድረስ ቦታውን እንደ ያዘ ነው። ቅርጫቱን ባዶ ከማድረግ በፊት ግን በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

የተለቀቀው ፋይል በተከፈተ ጊዜ ተመልሶ እንደሚወርድ ደግሞ ይታወቅ። በዊንዶውስ ውስጥ «ስቶሬጅ ሴንስ» የሚባለው አገልግሎት ለ14፥ ለ30 ወይም ለ60 ቀን ያልተከፈተውን ፋይል በራሱ እንዲለቅ ሊታዘዝ ይችላል። ሥራው መፈጸሙን ለማረጋገጥ የፎልደሩን ጠባይ ከፍቶ፥ የፋይሉን መጠንና በዲስኩ ላይ የያዘውን ቦታ ማስተያየት ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር ከፊተኛው እጅግ አንሶ ከተገኘ ነገሩ ተሳክቷል።

የጎግል ድራይቭ ተጠቃሚዎች በምርጫው ገጽ ሁለት መንገድ ያገኛሉ። «ሚረር» የሚለው ሁሉንም በኮምፒዩተሩም በክላውዱም ያኖራል፤ «ስትሪም» የሚለው ግን በክላውድ አኑሮ የተፈለገውን ብቻ ያወርዳል። ዲስኩ የጠበበበት ሰው «ስትሪም»ን ይምረጥ። ነገር ግን የቀድሞው ፎልደር በዲስኩ ላይ ይቀራልና ቦታው ወዲያው አይለቀቅም። ፕሮግራሙ ተዘግቶ እንደ ገና ተነሥቶ፥ ፋይሎቹም በአዲሱ ቦታ መታየታቸው ሳይረጋገጥ አሮጌውን ፎልደር ማንም አይንካ።

በስልክም ሕጉ ይኸው ነው። በአይፎን የአይክላውድ ፎቶግራፍ አገልግሎት በተከፈተበት ስልክ የተሰረዘ ፎቶግራፍ ከቤተ ሰቡ ታብሌትም፥ በዚያው ስም ከተያያዘ መሣሪያ ሁሉም ይጠፋል። የሚገባው «ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ቦታ በጠበበ ቍጥር ታናሹ ምስል በስልኩ ይቀራል፥ ሙሉው በሩቅ ይኖራል። በጎግል ፎቶስ ደግሞ ቅጂው በደኅና የተቀመጠለትን ምስል ብቻ ከስልኩ የሚያወጣ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚባል ትእዛዝ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በሩቅ ብቻ ያለ ፋይል ኢንተርኔት በሌለበት አይከፈትም። ስለዚህ ለመንገድ የሚያስፈልግ ወረቀት፥ ለሕክምና የሚቀርብ ማስረጃ፥ የፍርድ ቤት ሰነድ በዲስኩ ላይ እንዲኖር ይታዘዝ። ከሁሉም በላይ መስተዋት ግምጃ ቤት አለመሆኑን አንርሳ። የማይተካ ነገር ከማመሳሰሉ ውጭ በሆነ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ በቤት ሣጥን ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ተከፍቶ ይታይ።

ሽማግሌው ዛሬ ፎቶግራፎቻቸውን በክላውድ አኑረው ከላፕቶፑ አስለቅቀዋል፤ አንድ ቅጂም በትንሽ ዲስክ አድርገው ለታላቋ ልጃቸው ሰጥተዋል። የእናቲቱም ሥዕል በሙት ዓመቷ ታትሞ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኛም ይህን ገጽ የሚያነቡ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሁሉ «ሰርዝ» የሚለውን ቃል ከመንካታቸው በፊት ቆም ብለው፥ «የምሻው ቦታውን ነውን፥ ወይስ ዕቃውን ማጥፋት ነው?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ እንመክራለን።