ከመተግበሪያው ጀርባ ያለው ባንክ

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ “መንትዮቹ ከተሞች” በሚባሉት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ደመወዙን በስልክ መተግበሪያ የሚቀበልና በቅድመ ክፍያ ካርድ የሚገበያይ ሰው ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ ቢጠየቅ የመተግበሪያውን ስም ይጠራ ይሆናል። ትክክለኛው መልስ ግን በካርዱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ የአንድ ባንክ ስም ነው።

አብዛኞቹ የፋይናንስ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የባንክ ፈቃድ የላቸውም። መተግበሪያውን ሠርተው ደንበኛ ያፈራሉ፤ ገንዘቡን የሚይዘውና ካርዱን የሚያወጣው ግን ፈቃድ ያለው አጋር ባንክ ነው። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት ባንኮች አንዱ መቀመጫውን ሴንት ፖል ያደረገው ሰንራይዝ ባንክስ ነው።

አጋሮቹ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ባንኮች የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ሸማቹ በካርድ በከፈለ ቁጥር የነጋዴው ወገን ለካርዱ ባንክ የአገልግሎት ዋጋ ይከፍላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ2010 የወጣ ሕግ፣ ሀብታቸው 10 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ባንኮች ከዴቢት ካርድ በሚያገኙት በዚህ ገቢ ላይ ጣሪያ እንዲጣል አደረገ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚኒያፖሊስ የሚገኘው ግዙፉ ዩኤስ ባንክ በዚህ ጣሪያ ሲገደብ፣ አነስተኛ ባንኮች ግን ነጻ ሆነው የተሻለውን ገቢ ከኩባንያዎቹ ጋር ይካፈላሉ። በርካታ መተግበሪያዎች ወርኃዊ ክፍያ ሳይጠይቁ መሥራት የቻሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዝቅተኛ ተቀማጭ ማሟላት ለሚቸግረው ወይም ቅርንጫፍ ለመሄድ ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አደጋው ግን ደንበኛው ባልመረጠው ባንክ ውሳኔ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

መንትዮቹ ከተሞች ይህን ቀድመው ያውቁታል። በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ በሚኖርባት ሚኒሶታ፣ የሐዋላ ድርጅቶች ወደ ሶማሊያ ገንዘብ የሚልኩት በባንክ ሒሳብ በኩል ነበር። በ2011 መጨረሻ ላይ ያኔ ሰንራይዝ ኮሚዩኒቲ ባንክስ ይባል የነበረው ይኸው ባንክ፣ ሽብርን በገንዘብ መደገፍን የሚከለክለው ሕግ ተጠያቂ ያደርገኛል በሚል ስጋት አገልግሎቱን አቋረጠ። ድርቅና ረሃብ በበረታበት ወቅት በርካታ ቤተሰቦች ለዘመዶቻቸው የሚልኩበት መንገድ ጠበበ። በ2014 የሚኒያፖሊስ ተወካይ የነበሩት ኪት ኤሊሰን ያቀረቡት፣ የሐዋላ ድርጅቶችን ቁጥጥር ለማቃለል የታለመው ረቂቅ ጸድቆ ሕግ ሆነ። ይሁን እንጂ ሕጉ ማንኛውንም ባንክ ሒሳብ እንዲከፍት አያስገድድም።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በ2024 ነው። መተግበሪያዎችን ከባንኮች ጋር ያገናኝ የነበረው ሲናፕስ የተባለ ኩባንያ በሚያዝያ ወር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በግንቦት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸውን ማውጣት አቃታቸው። ፍርድ ቤቱ የሾማቸው ባለአደራ፣ ባንኮቹ በያዙት ገንዘብና ለደንበኞች በሚገባው መካከል ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ልዩነት መኖሩን ገለጹ።

ብዙዎቹ ተጎጂዎች የተማመኑት በፌዴራል የተቀማጭ መድን ነበር። መድኑ ለአንድ ተቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250 ሺህ ዶላር ይሸፍናል፤ የሚሠራው ግን ባንኩ ሲከስር ነው። በሲናፕስ ጉዳይ የከሰረ ባንክ አልነበረም፤ የተዘበራረቀው የማን ገንዘብ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው መዝገብ ነው። የመድን ተቋሙ በዚያው ዓመት መስከረም፣ ባንኮች ይህን መዝገብ ራሳቸው በየዕለቱ እንዲያመሳክሩ የሚያስገድድ ደንብ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል።

እስከዚያው ጥንቃቄው የተጠቃሚው ነው። አጋር ባንኩን በስም ማወቅ፣ ካርዱን በራስ ስም ማስመዝገብና የሒሳብ መግለጫን አውርዶ ማስቀመጥ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል። የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ በአንድ መተግበሪያ ብቻ ከተቀመጡ፣ ያ መተግበሪያ በተዘጋ ዕለት የሚቸገሩት ቤተሰቦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሚኒሶታ፣ ሌላው በአገር ቤት።