«ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው»

ጎበዝ፣ ዛሬ ስለ መጽሐፍ ምረቃ ላውራ። ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ምረቃው።

«የዲሲ ታክሲ ነጂ ስለ ሥነ ጽሑፍ ምን አገባው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዩኒየን ስቴሽን ሰልፍ ላይ ቆሜ ያነበብኩትን ያህል ኢንጂነር ተብዬ ቢሮ በተቀመጥኩበት ዘመን አላነበብኩም። ደግሞ ማታ ማታ እዚህ ከተማ መጻሕፍት ቤቶች ደራሲ ሲጋብዙ ታዳሚውን ከምናመላልሰው አንዱ እኔ ነኝ። አንዱ ፈረንጅ ሲሄድ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ ሳይላጥ፣ ሌላ ሰው ስለ መጽሐፉ የጻፈውን በስልኩ ያነባል። ዕድል ሆኖ መልሼ የጫንኩትም እኔው ነኝ። ከኋላ ሆኖ ለሚስቱ በስልክ «ከበፊቱ ሥራው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወርዷል» ሲላት መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

ፈረንጆቹ ግጥም ሲሰሙ «ህምምም» የሚሏት ነገርም አለቻቸው። ገጣሚው መስመሩን ሲጨርስ ዓይን ይጨፈንና ከሆድ ትወጣለች፤ ጥሩ ወጥ የቀመሰ ሰው ድምፅ ነው። ግን አይፈረድባቸውም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንብበው፣ ጠይቀው፣ ተሰልፈው አስፈርመው ይበተናሉ።

የእኛስ? በአራት ተጠርቶ በስድስት ይጀመራል። መድረክ መሪው ደራሲውን ሊያስተዋውቅ ወጥቶ ራሱን አስተዋውቆ ይወርዳል። ቀጥሎ የክብር እንግዳው፦ «መጽሐፉን ገና አንብቤ ባልጨርሰውም...» ይላል። «ገና አልጀመርኩትም» ማለቱ እንደሆነ የፊት ወንበር ላይ ያለ ሕፃን ያውቃል። ከዚያ «አጭር ዳሰሳ» አቅራቢው አርባ ደቂቃ ይወስድና ስለ ሩሲያ ደራስያን ይነግረናል። ዶስቶየቭስኪ የሚባለው ሰውዬ በእኛ ምረቃ ላይ ከደራሲው በላይ ስሙ ይነሳል።

ዋናው ጨዋታ ግን ማይክራፎኑ ወደ ሕዝብ ሲወርድ ነው። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» የሚል ሰው ከተነሳ የመኪና ማቆሚያችሁን ሰዓት ጨምሩ። ከአጼ ቴዎድሮስ ጀምሮ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ፊደል ጠባቂው ነው፦ «ገጽ 112 ላይ ሥራ በእሳቱ ሰ ተጽፏል፤ መሆን ያለበት በንጉሡ ሠ ነው!» ትክክል ነው ጋሼ፣ በንጉሡ ሠ ነው። ግን ገጽ 112 ላይ እኮ አንድ አባት ልጁን ቀብሮ እየተመለሰ ነበር። ሦስተኛው ፍቅር እስከ መቃብርን ካነበበ ጀምሮ ራሱን ጉዱ ካሳ አድርጎ የሾመው ነው፤ አዳራሹ ሙሉ ፊታውራሪ መሸሻ፣ እሱ ብቻ የገባው። ዝም ብሎ መጽሐፉን አቅፎ ፎቶ የሚነሳና መልሶ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠውን አልቆጠርኩትም።

እዚህ ላይ የድሮው ኢንጂነር ይነሳብኛል። ደራሲው መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ አዲስ አበባ አሳትሞ በሻንጣ ነው ይዞት የሚመጣው። የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው። አንዱ ቅጽ 350 ግራም ቢመዝን፣ ሻንጣው ራሱ የሚመዝነውን ስትቀንሱ 55 ገደማ ይገባል። ሰውዬው ልብሱን ትቶ ነው የመጣው ማለት ነው! ባለፈው በጋ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረ አንድ ምረቃ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። መጨረሻ ላይ ካርቶኖቹን እስከ መኪና ያገዝኩት እኔ ስለሆንኩ እነግራችኋለሁ፤ ክብደታቸው ብዙም አልቀነሰም።

ስለዚህ ሐሳብ አለኝ። የዲሲ ታክሲ እስከ 2008 ድረስ (በፈረንጆቹ) የሚያስከፍለው በዞን ነበር። መንገዱ ተዘጋም፣ አንድ ሰዓት ቆምክም፣ ሒሳቡ ያው ነው። ከዚያ ሜትር መጣ። የእኛ አስተያየት ሰጪዎች ግን እስካሁን በዞን ናቸው፤ አንዴ ማይክ ከያዙ ቢዞሩ፣ ቢመለሱ፣ ጎንደር ደርሰው ቢመጡ ሒሳቡ ያው ነው። ማይኩ ላይ ሜትር ይገጠም! የመጀመሪያዋ ደቂቃ በነጻ፣ ሁለተኛዋ ላይ አንድ መጽሐፍ ትገዛለህ፣ ሦስተኛዋ ላይ ሁለት። ከአጼ ቴዎድሮስ የጀመረ ሰው ሻንጣውን ብቻውን ባዶ ያደርገዋል።

ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲያነበው አገር ዝም ብሎ ነበር የሚሰማው። እናቴ ስለ ሰብለወንጌል ስታወራ የጎረቤት ልጅ የሞተባት ነበር የምትመስለው። «ዳሰሳ» የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም።

እንደሷ ያለ አንባቢ እዚህም አለ። በዚያው የሲልቨር ስፕሪንግ ምረቃ አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር፤ አረጋውያን የምትንከባከብ፣ ከሥራ ከነዩኒፎርሟ የመጣች። መጽሐፉ ቀድሞ ደርሷት አንብባዋለች፤ የገጾቹ ጫፍ ታጥፎ ታጥፎ ተልጧል። አራት ጊዜ እጇን አነሳች። አራቴም ማይኩ ክራቫት ወዳለበት ሄደ። በመጨረሻ «ሰዓት አጥሮናል» ተባለ። ሰዓቱን ማን እንደበላው ሁላችንም እያየን ነበር።

ቤቷ ሳደርሳት «እትዬ፣ ምን ልትጠይቂ ነበር?» አልኳት።

«ተወው ወንድምዬ፣ የነሱን ያህል መናገር አልችልም» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ነገረችኝ።

ወንድሜ ደራሲው፣ ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። ይህን ካነበብክ ጥያቄዋ ይኸውልህ፦ ልጇ ከተሰደደ በኋላ እናትየዋ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር የምትተኛው፣ ይመጣል ብላ ነው ወይስ መቀርቀሪያውን የሚዘጋው እሱ ስለነበረ ነው? እሷ «ሁለተኛው ነው፤ የኔም እናት እንደዛ ነበረች» ትላለች። መልሱን እዚሁ ከሥር ጻፍላት፤ እኔ አደርስላታለሁ።